ተራራውን የናደው ቡጢ ስንት ጁል ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት በአንድ ጉዳይ ላይ የተጻፉ ናቸው፤ በሥዕል ታሪክ፣ በአኒሜሽንና በልቦለድ ውስጥ ያሉ ጀግኖች የሚሰነዝሩትን ጥቃት በፊዚክስ ቀመር ስለ መለካት። ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎች ማንም ሳያዛቸው፣ ነጥብ ሳይታሰብላቸው፣ በፍቅር የሚያሰሉት እንዲህ ያለ ርእስ ሌላ አላየሁም። ስለዚህ ዓምዱን ሙሉ በሙሉ ለዚሁ ለቅቄዋለሁ። ከመጀመራችን በፊት ሁለት መመዘኛዎች በእጃችሁ ይኑሩ። አንድ ቶን ቲኤንቲ ሲፈነዳ የሚወጣው ጉልበት 4.184 ቢሊዮን ጁል ተብሎ ተወስኗል። እ.ኤ.አ. በ1945 ሂሮሺማ ላይ የተጣለው ቦምብ ደግሞ 15 ሺህ ቶን ገደማ፣ ማለትም 15 ኪሎ ቶን ነበር፤ አንድ ሜጋ ቶን ደግሞ አንድ ሚሊዮን ቶን ነው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። እኔና ጓደኛዬ አንድ የሥዕል ታሪክ እንከታተላለን። በቅርቡ በወጣው ክፍል ጀግናው አንድ ተራራ በአንድ ቡጢ ናደ። ከግርጌው ካሉት ዛፎች ተነሥተን የተራራውን ቁመት 500 ሜትር፣ የግርጌውን ሬዲየስ 1 ኪሎ ሜትር ብለን ገመትን። እኔ 1 ሜጋ ቶን አገኘሁ፤ ጓደኛዬ 27 ሜጋ ቶን አገኘ። በመጨረሻው ሥዕል ላይ ቤት የሚያካክሉ አለቶች በሰማይ ተበትነው ይታያሉ። በአኒሜሽኑ አለቶቹ ተወርውረው መሬት እስኪነኩ 20 ሰከንድ ያህል ይፈጃሉ። ከሁለታችን ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ማባዛቱ ላይ ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁም። ተራራውን እንደ ሾጣጣ ከወሰዳችሁት ይዘቱ 524 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ሁለታችሁም የያዛችሁት ይህንኑ ነው። መንገዳችሁ የተለያየው ከዚያ በኋላ ነው። አንተ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ኩብ አለት 8 ጁል መደብህለት፤ ጓደኛህ 214 ጁል መደበለት። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ይህን ስሌት በሚወዱ ወጣቶች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ የኖሩ ናቸው። የመጀመሪያው ለተሰባበረ አለት፣ ሁለተኛው ዱቄት ለሆነ አለት ይባላል። ከየት እንደ መጡ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው፤ እኔን የሚቆረቁረኝም ይኸው ነው።

መነሻቸው የአለት ጥንካሬ ነው። ጠንካራ ግራናይት ሲጨመቅ እስከ 200 ሜጋ ፓስካል የሚደርስ ግፊት ይችላል። አንድ ሜጋ ፓስካል ደግሞ በአሃዱ ብቻ ከታየ ከአንድ ጁል በሴንቲ ሜትር ኩብ ጋር አንድ ነው። ስለዚህ የግፊቱን ቁጥር አንሥቶ ለጉልበት ማዋል ቀላል ይመስላል። አሃዱ ይግጠም እንጂ ነገሩ አይገጥምም። ሥራ ማለት ኃይል ሲባዛ ኃይሉ በተጓዘበት ርቀት ነው። ግራናይት ከመሰንጠቁ በፊት የሚያጥረው ከርዝመቱ የ1 በመቶ ሲሶ ያህል ብቻ ነው። ርቀቱ እንዲህ ካነሰ እስኪሰነጠቅ ድረስ በውስጡ የሚጠራቀመው ጉልበት በሴንቲ ሜትር ኩብ 0.3 ጁል ገደማ ነው። ከ214 ጋር ስታስተያየው ከ600 እጥፍ በላይ ያንሳል።

ታዲያ ምን እንያዝ? እኔ የምመክረው ድንጋይ መስበር የዕለት ሥራቸው የሆኑ ሰዎችን መጠየቅ ነው። በድንጋይ ማውጫ ለአንድ ሜትር ኩብ አለት ግማሽ ኪሎ ግራም ያህል ፈንጂ ይቀበራል። ይህ 2 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው፤ በሴንቲ ሜትር ኩብ 2 ጁል ማለት ነው። የፍንዳታው ድምፅም፣ የመሬቱ መንቀጥቀጥም፣ የድንጋዩ መፈናጠርም በዚሁ ውስጥ ነው። አለቱ እንዲደቅ ሲፈለግ ግን ወጪው ሌላ ነው። የማዕድን ወፍጮዎች አንድ ቶን ድንጋይ አልመው ለመፍጨት ከ10 እስከ 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይበላሉ። ወደ ሴንቲ ሜትር ኩብ ስትመልሰው ከ90 እስከ 190 ጁል ይሆናል። እንግዲህ ልብ በል፤ የጓደኛህ 214 የመጣበት መንገድ ትክክል ባይሆንም፣ ተራራው እውነት ዱቄት ሆኖ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ ከወፍጮው ብዙም ባልራቀ ነበር።

ስለዚህ ክርክራችሁን የሚፈታው ካልኩሌተሩ ሳይሆን የመጨረሻው ሥዕል ነው። ተራራው ምን ሆነ? ተሰነጠቀ? ተፈረካከሰ? ደቀቀ? ቀለጠ? ተነነ? ያው አንድ ተራራ ሙሉ በሙሉ ተኖ ቢሆን ስሌቱ በሺዎች የሚቆጠር ሜጋ ቶን በደረሰ ነበር። አንተ የነገርከኝ ቤት ስለሚያካክሉ አለቶች ነው። በ2 ጁል ሂሳብ መሰባበሩ ብቻ 250 ኪሎ ቶን ይፈልጋል። ቤት የሚያካክል አለት ከድንጋይ ማውጫው ፍርካሽ በብዙ ስለሚተልቅ ይህም ቢሆን ወደ ላይ ያጋደለ ግምት ነው።

ሁለታችሁም የዘለላችሁት ግን መወርወሩን ነው። አንድ አለት ተወርውሮ ለመመለስ 20 ሰከንድ ከፈጀ፣ 10ሩን ሲወጣ 10ሩን ሲወርድ ነው ያሳለፈው። በ10 ሰከንድ ውስጥ የምድር ስበት የሚነጥቀው ፍጥነት 98 ሜትር በሰከንድ ነው፤ ስለዚህ ሲነሣ በዚሁ ፍጥነት ተነሥቷል ማለት ነው። የተራራው መጠነ ቁስ 1.36 ቢሊዮን ቶን ነው። የመጠነ ቁሱን ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ ስታባዛ 6.5 ኳድሪሊዮን ጁል፣ ማለትም ከ1.5 ሜጋ ቶን ጥቂት የበለጠ ታገኛለህ። ከመሰባበሩ በስድስት እጥፍ የሚበልጠው መወርወሩ ነው። ሁሉም አለት ያን ያህል ሰከንድ በአየር ላይ አይቆይም፤ ከተራራው ግማሹ ብቻ በዚህ ፍጥነት ተነሥቷል ብንል 0.8 ሜጋ ቶን ይሆናል። የመሰባበሩን ጨምራችሁ «ከ1 እስከ 2 ሜጋ ቶን» ብላችሁ ጻፉ። ያንተ 1 ሜጋ ቶን ከዚህ ክልል ጠርዝ ላይ መውደቁ ግጥምጥሞሽ ነው፤ መንገዱን ደግመህ ሂድበት።

የምታረጋግጥበትም መንገድ አለ። በ98 ሜትር በሰከንድ የተነሣ አለት ወደ 490 ሜትር ይወጣል፤ የተራራውን የራሱን ቁመት ያህል መሆኑ ነው። ሥዕሉን ገልጠህ ተመልከት። አለቶቹ ጫፉ ከነበረበት ቦታ እጅግ ከፍ ብለው ከተሣሉ፣ ወይ ሠዓሊው አጋንኗል፣ ወይ 20 ሰከንዱ ትዕይንቱ ተፋጥኖ የታየበት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቁመቱን ያገኛችሁት ከዛፎቹ ነው። ዛፉን 10 ሜትር ነው ብላችሁ 20 ሜትር ቢሆንስ? ቁመትም፣ ርዝመትም፣ ስፋትም እጥፍ ይሆንና ይዘቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። 1 ሜጋ ቶን የነበረው 8 ይሆናል፤ ያለ አንዳች የቀመር ስሕተት። ከቻላችሁ በሁለት የተለያዩ ነገሮች ለኩ፤ አንዱ ዛፍ ከሆነ ሌላው በር ወይም የቆመ ሰው ይሁን። ሁለቱ ካልተስማሙ የሚለያዩበትን ያህል ክልላችሁን አስፉት።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። ልቦለድ እጽፋለሁ። በመጽሐፌ ውስጥ ያለችው ሴት ከመብረቅ ታመልጣለች፤ ብልጭታው ሲወርድ አይታ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ትላለች። አንድ አንባቢ ስሌት ልኮልኛል። የመብረቅ ፍጥነት የብርሃን ፍጥነት ሲሶ ነው፣ ክብደቷም 55 ኪሎ ነው፣ ስለዚህ ስትማታ ምቷ 66 ሜጋ ቶን ነው ይላል። እኔ እንዲህ ያለ ፍጡር አልጻፍሁም። አንባቢዬ ትክክል ነው?

መልስ፦ ደብዳቤዎን ደስ እያለኝ አነበብሁት፤ ምክንያቱም ይህ ስሕተት ከሁሉም በላይ የተስፋፋው ነው። 66 ሜጋ ቶን ምን ያህል እንደ ሆነ ለመገመት፣ በሰው እጅ ከተሠሩት ሁሉ ትልቁ ቦምብ፣ ሶቭየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1961 ያፈነዳችው፣ 50 ሜጋ ቶን ገደማ ነበር። እርስዎ አንዲት ሴት ወደ ጎን አንድ እርምጃ አስረመዱ እንጂ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አልጻፉም።

መብረቅ የሚወርደው በሁለት ደረጃ ነው። በመጀመሪያ ከደመናው ደብዘዝ ያለ፣ እየተቆራረጠና እየተጠማዘዘ መንገድ የሚጠርግ ፍሰት ይወርዳል፤ አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ከመሬት ጋር ሲገናኝ ዓይን የሚያጥበረብረው ዋናው ብልጭታ በተጠረገው መንገድ ወደ ላይ ይመለሳል። የብርሃን ፍጥነት ሲሶ የሚባለው የዚህ የሁለተኛው ነው። እርሱ ሲነሣ ደግሞ የሚመታው ቦታ አስቀድሞ ተለይቷል። ስለዚህ ከመብረቅ ያመለጠ ሰው ያመለጠው ከመጀመሪያው ፍሰት ነው፤ አንባቢዎ የተሳሳተውን ፍጥነት ነው ያነሡት።

ከዚህ የሚከብደው ሌላው ነው። ከአንድ ነገር ለማምለጥ የዚያን ነገር ፍጥነት መያዝ አያስፈልግም። ደመናው 2 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን ፍሰቱ መሬት ለመድረስ 10 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። ሴትየዋ በዚህ ጊዜ አንድ ሜትር ብትንቀሳቀስ ፍጥነቷ 100 ሜትር በሰከንድ ነው። ጉልበቱን እናስላው፤ የ55 ኪሎ ግማሽ ሲባዛ በ10,000፣ ውጤቱ 275 ሺህ ጁል ነው። አንድ ቶን ተኩል የምትመዝን መኪና በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ያህል ስትከንፍ የምትይዘው ጉልበት ነው። ከአንባቢዎ ቁጥር ጋር ሲተያይ አንድ ትሪሊዮን እጥፍ ያንሳል። ሁለቱም የተሰሉት ከዚያው ከአንድ እርምጃ ነው።

ትዕይንቱ እንዴት እንደ ተጻፈ ግን ይወስነዋል። ሴትየዋ ፍሰቱን ያየችው ከራሷ በላይ 100 ሜትር ላይ ሲደርስ ነው ብለው ከጻፉ የቀራት ጊዜ ግማሽ ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ግማሽ ሜትር ብትሸሽ ፍጥነቷ 1,000 ሜትር በሰከንድ ይሆናል፤ ጉልበቱም 27.5 ሚሊዮን ጁል፣ ወደ 6.6 ኪሎ ግራም ቲኤንቲ። ድምፅ በአየር ውስጥ የሚጓዘው በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነውና፣ እንዲህ ከሆነ ከመብረቁ በፊት ከእርሷ ዘንድ የሚሰማ ፍንዳታ ይኖራል። በመጽሐፉ ውስጥ ያ ድምፅ ካልተሰማ ከድምፅ ፍጥነት በታች ናት ብሎ መሟገት ይቻላል። እንዲህ ያለ ምልክት፣ የሚሰማ ድምፅ፣ የሚነሣ አቧራ፣ በመሬቱ ላይ የሚቀር የጫማ ዱካ፣ አንባቢ ቁጥሩን እንዳያንረው የሚይዝ ልጓም ነው። ጸሐፊ ሁሉ ቢያስብበት ደስ ይለኛል።

የመሮጥ ፍጥነት ወደ ቡጢ ጉልበት መገልበጡም ራሱን የቻለ ችግር ነው። በቡጢ ውስጥ የሚገባው የሰውነቷ ሙሉ መጠነ ቁስ አይደለም። ይልቅ ስለ መቆሟ ያስቡ፤ በ100 ሜትር በሰከንድ እየበረረች በአንድ ሜትር ውስጥ ከቆመች ሰውነቷ የምድርን ስበት 500 እጥፍ ተሸክሟል። የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪዎች ልዩ ልብስ ለብሰውና ሠልጥነው የሚችሉት 9 እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ትዕይንትዎ ከምቷ ይልቅ የሚመሰክረው ስለ አጥንቷ ጥንካሬ ነው።

ጥያቄ፦ ምድርን ለማፈንዳት የሚያስፈልገው ጉልበት ስንት ነው? በየቦታው የተለያየ ቁጥር አያለሁ።

መልስ፦ ሁለት ቁጥሮች ካየህ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ምድርን በስበት የተያያዘ ቁስ አድርገህ እያንዳንዱን ቁራጭ እስከ መጨረሻው ለማራቅ የሚያስፈልገውን ጉልበት ስታሰላ፣ እፍግታዋ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው ካልህ 2.24 × 10³² ጁል ይወጣል። የብረት እምብርቷ ከላዩ ልባስ እጅግ የታመቀ ስለ ሆነ ትክክለኛው ወደ 2.49 × 10³² ይጠጋል። ፀሐይ በየሰከንዱ 3.83 × 10²⁶ ጁል ታወጣለች፤ ስለዚህ ምድርን ለመበተን የፀሐይ የአንድ ሳምንት ጉልበት ያስፈልጋል።

ግን ይህ ዝቅተኛው ነው፤ ቁርጥራጮቹ እያዘገሙ ርቀው የሚቀሩበት። በአኒሜሽን የምታየው እንዲህ አይደለም። ምድር በአምስት ሰከንድ ውስጥ እጥፍ ሆና ስትሰፋ ካየህ፣ የዳሩ ቁስ 6,371 ኪሎ ሜትር በአምስት ሰከንድ ተጉዟል። ይህ በሰከንድ ከ1,270 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከምድር ስበት ለማምለጥ የሚበቃው ግን 11.2 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። ጉልበቱ ከዝቅተኛው ከ10 ሺህ እጥፍ በላይ ይሆናል፤ ፀሐይ ከ200 ዓመት በላይ የምታወጣው። ሰዓትህን ይዘህ ትዕይንቱን ተመልከት። በዚህ ስሌት ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ቁጥር ሰከንዱ ነው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መሐንዲስ ነኝ። እውነቱን ልናገርና አልተደሰትሁም። የሌለ ሰው የሌለ ቡጢ ምን ያህል ይመታል ብሎ ማስላት የወጣቶችን ጊዜ ማባከን ነው። ፊዚክስ የእውነተኛው ዓለም ሳይንስ ነው። ለምን ገጽ ሰጡት?

መልስ፦ ስጋትዎ ይገባኛል፤ ምክንያቱንም በሚያውቁት ዓለም ልንገርዎ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 16 ቀን 1945 ኒው ሜክሲኮ በረሃ ውስጥ የመጀመሪያው የኑክሌር ሙከራ ተደረገ። የፍንዳታው ጉልበት በምሥጢር ተይዞ ሳለ የእሳቱ ኳስ ፎቶግራፎች ታተሙ፤ በየፎቶው ላይ የርቀት መለኪያና የተነሣበት ቅጽበት ተጽፎ ነበር። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ጂኦፍሪ ቴይለር እነዚህን ፎቶዎች አንሥቶ ለካ። በ25 ሚሊ ሰከንድ ላይ የኳሱ ሬዲየስ 140 ሜትር ገደማ ነው። ሬዲየሱን አምስት ጊዜ በራሱ ያባዙ፣ በአየሩ እፍግታ ያባዙ፣ በጊዜው ካሬ ያካፍሉ። የሚያገኙት 10¹⁴ ጁል ገደማ ነው፤ ወደ 25 ኪሎ ቶን። ቴይለር በስሌቱ ውስጥ የሚገባውን ቋሚ ቁጥር በጥንቃቄ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው ጽሑፍ 17 ኪሎ ቶን ያህል ብሎ አስቀመጠው። ዛሬ ተቀባይነት ያገኘው ግምት 25 ኪሎ ቶን አካባቢ ነው። ከፎቶግራፍ ላይ በማስመሪያ!

በዚያው ንጋት የፊዚክስ ሊቁ ኤንሪኮ ፌርሚ ከፍንዳታው 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቆሞ ነበር። የአየሩ ማዕበል ሲደርስ ቁርጥራጭ ወረቀት ከእጁ ለቀቀ፤ ወረቀቱ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ተገፋ። ከዚህ ተነሥቶ 10 ኪሎ ቶን ብሎ ገመተ። ከግማሽ በላይ አነሰ እንጂ በመቶ እጥፍ አልሳተም።

የቅርቡን ደግሞ ያስታውሱ። እ.ኤ.አ. የካቲት 15 ቀን 2013 ሩሲያ ውስጥ ቼልያቢንስክ ላይ የፈነዳው የሰማይ አለት በመኪና ካሜራዎችና በጥበቃ ካሜራዎች ተቀርጾ ነበር። ተመራማሪዎች የመንገድ መብራት ምሰሶዎች የጣሉት ጥላ ከቅጽበት ወደ ቅጽበት እንዴት እንደ ዞረ እየለኩ አለቱ የተጓዘበትን መንገድና ፍጥነቱን አወጡ፤ በሰከንድ 19 ኪሎ ሜትር ገደማ። አለቱ 20 ሜትር ያህል ስፋት ነበረው፤ ጉልበቱም 500 ኪሎ ቶን አካባቢ ነበር። የ11ኛ ክፍሉ ተማሪ ከዛፍ ተነሥቶ ተራራ ሲለካ፣ አለቱ በአየር ላይ የቆየበትን ሰከንድ ሲቆጥር የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የሚጎድለው እውነተኛ ፍንዳታ ብቻ ነው፤ ያ ባይኖረው ደግሞ ደስ ይለኛል።

በአንድ ነገር ግን ከእርስዎ ጋር ነኝ። ሠዓሊ ተራራውን የሣለው ለስሜት ነው፤ በሚቀጥለው ገጽ ያው ጀግና በአንድ የእንጨት በር ፊት ይቸገራል። እዚህ ላይ ቁጥሩ ስለ ሥዕሉ እንጂ ስለ ጀግናው አይመሰክርም። ሁለት ትዕይንቶች ሲጋጩ ትልቁን መርጦ ሌላውን መጣል ወገንተኝነት ነው። ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ሁለቱንም አስልተው ጎን ለጎን እንዲጽፉ ነው። ብዙዎቹ ያደርጉታል፤ ከእነርሱም መካከል ስሕተታቸውን በሌላ ሰው ፊት እያረሙ ክልላቸውን የሚያሰፉ አሉ። ለአንድ መሐንዲስ ከዚህ የተሻለ ጅማሬ ምን እንደሚሆን እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

ጥያቄ፦ አንድ ገጸ ባሕርይ በእስትንፋሱ ደመና ይበትናል። የውሃውን ክብደት ነው የማሰላው?

መልስ፦ አይደለም። አንድ ኪሎ ሜትር ኩብ የሆነ ተራ ነጭ ደመና ውስጥ ያለው ውሃ 500 ቶን ያህል ነው፤ በዚያው ይዘት ውስጥ ያለው አየር ግን ወደ አንድ ሚሊዮን ቶን ይጠጋል። የሚገፋው አየሩ ነው። በ100 ሜትር በሰከንድ ከተገፋ 5 ትሪሊዮን ጁል፣ 1.2 ኪሎ ቶን ይሆናል። ደመናው ሳይገፋ ባለበት ጠፍቶ ከሆነ ግን ውሃው ተንኗል ማለት ነው፤ ያ 0.3 ኪሎ ቶን ገደማ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምወዳት ገጸ ባሕርይ አንድ ሐይቅ በንክኪ አቀዘቀዘች። ጓደኞቼ ይህን ከፍንዳታ ጥቃቶች ጋር አወዳድረው ከሁሉም ትበልጣለች ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ያለ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ በረዶ እንዲሆን 418 ሚሊዮን ጁል ሙቀት መውጣት አለበት፤ ይህ ከ100 ኪሎ ግራም ቲኤንቲ ጋር እኩል ነው። በአንድ ሐይቅ ውስጥ ስንት ሜትር ኩብ እንዳለ ስታስቢው ጓደኞችሽ ለምን በቁጥሩ እንደ ተደነቁ ይገባሻል። ነገር ግን ይህ የወጣ ሙቀት ነው። ገጸ ባሕርይዋ ይህን ያህል ጉልበት በጠላቷ ላይ ልታሳርፍ ትችላለች የሚል ማስረጃ በትዕይንቱ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ በአንድ ሠንጠረዥ ከቡጢና ከፍንዳታ ጋር አታሰልፊያት።

እኔ የምጠይቅሽ ሙቀቱ የት ሄደ የሚለውን ነው። ጉልበት አይጠፋም። ወደ እርሷ ሰውነት ገብቶ ከሆነ፣ የአንድ ሜትር ኩብ ውሃ ሙቀት ብቻ 50 ኪሎ የምትመዝንን ሰው ሙሉ በሙሉ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ከሚበቃው ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። እርሷ ደህና ከሆነች ሙቀቱ ሌላ ቦታ ወጥቷል፤ በዙሪያዋ እንፋሎት፣ የጠወለገ ሣር ወይም የሞቀ ድንጋይ የተሣለበት ገጽ ካለ ፈልጊው። በረዶው እስከ ሐይቁ ወለል ደርሷል ወይስ ላይ ላዩን ብቻ ነው የሚለውም ውጤቱን በመቶ እጥፍ ይቀይረዋል። የሐይቁን ስፋት ከጀልባዎቹ፣ የበረዶውን ውፍረት ደግሞ ከተሰነጠቀበት ሥዕል ላይ ለክተሽ ላኪልኝ፤ በሚቀጥለው ዕትም አብረን እናሰላዋለን።